የሳሎንዎን መሰንቆ ማን ሠራው?

ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ መሰንቆ ወይም ክራር ተሰቅሏል? ምናልባት ከአያት የወረሱት፣ ምናልባትም በሠርግዎ ቀን የተበረከተልዎ ይሆናል። ከሥሩ ያለውን የቴሌቪዥን አምራች ስም ልጆችዎ ሳይቀሩ ይነግሩዎታል። የመሰንቆውን ሠሪስ ማን ይንገርዎ?

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ስም ያለው ዕቃ እንደሚከበር፣ ስም የሌለው ደግሞ ቶሎ እንደሚጣል በየቀኑ አያለሁ። አንድ የጊታር ሠሪ ታሪክ የሳበኝም ለዚህ ነው።

ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1796 በጀርመን አገር ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። ቪየና ሄዶም ዮሐን ስታውፈር ከተባለ ዕውቅ ባለሙያ ዘንድ ጊታር መሥራት ተማረ። አገሩ ሲመለስ ግን የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር እሱንና መሰሎቹን ከአናጢነት አልፋችሁ ጊታር መሥራት አትችሉም ብሎ ሙግት ገጠማቸው። ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1833 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የአዳማችንን የቀድሞ ስም በምትጋራው የፔንሲልቬኒያዋ ናዝሬት ኑሮውን መሠረተ።

የዚያ ዘመን ጊታሮቹ ከዛሬዎቹ አነስ ያሉ፣ ቤተሰብ ሳሎን ተሰብስቦ የሚጫወትባቸው ነበሩ። ድርጅቱ ከ1898 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእያንዳንዱ ጊታር ላይ ተከታታይ ቁጥር ያትማል። ስለዚህ ከአያቱ ዕቃ ቤት አሮጌ ማርቲን ያገኘ ሰው ቁጥሩን አይቶ የተሠራበትን ዓመት ያውቃል። «አናጢ» ተብሎ የተናቀው ሰው ስሙ ዛሬም በጊታሮቹ ላይ አለ።

አሁን ወደ እንጅባራና ዳንግላ እንምጣ። አዊ የፈረስ አገር ነው። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያጌጡ ፈረሶቹን ይዞ አደባባይ ይወጣል። መሰንቆም ያለ ፈረስ አይሆንም፤ የመሰንቆው ብቸኛ ክርም ሆነ የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ ፀጉር ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ የእንጨት ሣጥን በቆዳ ይለበጣል። ዋንዛ ለጠራቢ እጅ የሚመች እንጨት በመሆኑ ለሙዚቃ መሣሪያ ይመረጣል። የቆዳው ውፍረት፣ የውጥረቱ ልክ፣ የፀጉሩ ብዛት ሁሉ ድምፁን ይለውጣል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ሠሪው ነው፤ ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትም አይገኝም።

ለምን? አንዱ ምክንያት የእጅ ሥራን የመናቅ ልማዳችን ነው። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ አፋችን ግን ቶሎ አልታረመም። በሙያው የሚሰደብ ሰው ደግሞ ስሙን በሥራው ላይ ለመጻፍ አይቸኩልም።

የሞተን ሠሪ መጠየቅ አይቻልም፤ የሚያውቁትን አረጋውያን መጠየቅ ግን ይቻላል። በሚቀጥለው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ ልጆችዎ አያታቸውን ይጠይቁ፤ መሰንቆው ከየት መጣ? ማን ሠራው? ማን ተጫወተበት? መልሱን በስልካቸው ይቅረጹ፤ በወረቀትም ጽፈው ከመሣሪያው ጋር ያኑሩት። አዲስ ሲገዙ ደግሞ ሠሪው ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን እንጨቱ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ለእርስዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእሱ ክብር፣ ለነገ ገበያውም መታወቂያ ነው።

አያያዙንም አይርሱ። እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳማና ዝናባማ አካባቢ እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፤ ኃይለኛ ፀሐይና የምድጃ ሙቀት ደግሞ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ከሁለቱም ያርቁት። ለረጅም ጊዜ የማይጫወቱበት ከሆነ ክሩን ላላ ያድርጉት። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ እንጂ ለማሳመር ብለው ቫርኒሽ አይቀቡት፤ የሠሪውን የእጅ አሻራ ይሸፍንብዎታል።

ከሁሉ በላይ አልፎ አልፎ ከግድግዳው አውርደው ለልጆችዎ ያስይዟቸው። ድምፁን ያልሰማ ልጅ ነገ ቤት ሲቀይር ከአሮጌ ዕቃ ጋር ይጥለዋል።