ከእንሰት ዕድሜ ያጠረ ትምህርት

በሥነ ሕይወትና በባዮሜዲካል ሳይንስ ለሚሠራ ሦስተኛ ዲግሪ በአገራችን ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ይመደብለታል። ተማሪው ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ይገባል፣ ከአማካሪው ጋር የምርምር ዕቅዱን ያዘጋጃል፣ ጥናቱ ሰው የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያወጣል፣ ናሙና ሰብስቦ ያገኘውን ያሳትማል፣ በመጨረሻም ፈታኞች ፊት ቀርቦ ሥራውን ይሟገትለታል። አሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ስለሚቻል 5 ወይም 6 ዓመት ይወስዳል። በሐዲያና በከምባታ ጓሮ የሚበቅለው እንሰት ደግሞ ከችግኝነቱ አንሥቶ ተፍቆ ቆጮና ቡላ እስኪሆን ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በደጋው ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ የዶክትሬት ተማሪ የተከለው እንሰት ለፍቀት ሳይደርስ ሊመረቅ ይችላል። ለዚህ አካባቢ የሚበጀው ሦስተኛ ዲግሪ ጥያቄውን ለተተኪ የሚያወርስ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ስንት ዶክተር እንዳፈራን መቁጠር ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

የእንሰት አጠውልግ በሽታን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁ። በ1974 ባክቴሪያው ሙዝንም እንደሚያጠቃ ከኢትዮጵያ ተዘገበ። በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ሲታይ ግን የብዙ አገር ተመራማሪ ዓይኑን ወደዚህ መለሰ። እስከ ዛሬ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ገበሬው የያዘው መከላከያ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ነው። ተስፋ የሚሰጠው ጎረቤት ወላይታ ውስጥ ማዚያ የሚባለው ዝርያ በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ መቋቋሙ ነው። ይህን ጠባይ ወደ ሌላ ዝርያ በማዳቀል ለማሻገር አበባ ያስፈልጋል፤ እንሰት ደግሞ የሚያብበው አንድ ጊዜ፣ ያውም በዕድሜው ማብቂያ ነው። ሁለት ትውልድ ተክል ለማየት የሦስት ወይም የአራት ተማሪዎች ዘመን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ማሳው ከታረሰ፣ ያከማቸው ባክቴሪያ ከተጣለ፣ መዝገቡም በግል ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቀረ ተከታዩ እንደገና ከዜሮ ይነሣል።

ጥያቄውን ለተተኪ የሚያወርስ ሦስተኛ ዲግሪ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኬሚካል ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ወራት በሚጠበቅበት አገር ስለ ዘመናዊ ባዮሎጂ ማውራት ከንቱ ነው ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው፣ ላቃልለውም አልሻም። ለምሳሌ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል የተረዱትም በዚያው ነው። ይሁንና ተክሉ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በሚያሟላ ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ ስለተባለ ሥራው ብዙ ዓመት ዘገየ። ቤተ ሙከራ ማጣት ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን ጥያቄው ከወንዙ ዳር ባይነሣ ኖሮ የትኛውም ቤተ ሙከራ የሚመረምረው ነገር አይኖረውም ነበር።

ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስም ይህንኑ ያሳያል። በሽታው የሚይዘው በቀዩ የደጋ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን የሚኖሩ ሰዎችን ነው፤ ሁሉም ግን አይታመሙም። ለምን? ፋሲል ተኮላ አየለ በመሪነት የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ለበሽታው መጋለጥ ከሰውነት መከላከያ ዘረ መሎች ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ናሙናው የተወሰደው ከደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች ነበር። ለዘረ መል ንባቡ ከውጭ ተቋማት ጋር መተባበር ግድ ቢልም ጥያቄው የተነሣው ሕመምተኞቹ ካሉበት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ጤና ጣቢያ መድኃኒት እያጠረው ለምን ለዶክትሬት ገንዘብ ይወጣል፣ የተማረውስ ጥሎ ይሄድ የለም ወይ? የሚሄደውን ሰው በግዴታ ውል ብቻ ማስቀረት የሚቻል አይመስለኝም። የሚመለስበት ሥራ ካለው ግን የመመለሱ ዕድል ይሰፋል። ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ዱራሜም ካምፓስ አለው። ተማሪው የቤተ ሙከራውን ክፍል አዲስ አበባ በአክሊሉ ለማ ስም በተሰየመው ኢንስቲትዩት ወይም በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሊሠራ ይችላል፤ ማሳውና ታካሚው ግን ከዚህ አይነቀልም። ለመመዝገብ የሚያስብ ወጣት የዩኒቨርሲቲውን ስም ከመምረጡ በፊት አማካሪውን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ከእኔ በፊት በዚህ ጥያቄ ላይ ማን ሠራ? ናሙናውስ የት ተቀመጠ? ከእኔ በኋላ የሚረከበኝስ ማን ነው?