ትንሿ ውሻ አሻንጉሊት አይደለችም! በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለምታሳድጉ ሁሉ

እኛ አካባቢ ውሻ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በረት የሚጠብቀው፣ ሌሊት ጅብ ላይ የሚጮኸው የደጅ ውሻ ነው። እቤት ውስጥ ከሰው ጋር የምትኖር ትንሽ ውሻ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ናት። ግን ለአገራችን አዲስ አይደለችም፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው።

ታዲያ ዘመድ ከአዲስ አበባ የቺዋዋ ወይም የማልቲስ ቡችላ ይዞላችሁ ቢመጣ እንዴት ታሳድጓታላችሁ?

👉 ብርድና ጅብ
ቺዋዋ አድጋም ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ አትበልጥም። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና አጠገብ ላለን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ነፋስ መውጫ እኮ ስሙ ራሱ ይናገራል! ስለዚህ ማታ ደጅ አትደር። ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃታል። ለጅብ ደግሞ አንድ ጉርሻ ናት። በስማዳ ቆላ ያላችሁ በተቃራኒው ጥላና ንጹሕ ውሃ አታሳጧት።

👉 ምግብ
ቡችላ ሳለች በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጧት። ለረጅም ሰዓት ከተራበች በደሟ ያለው ስኳር ይወርድና ትንቀጠቀጣለች፣ ትዝላለች፣ ልትሞትም ትችላለች።

የወጥ ትራፊ ግን ይቅርባት! ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለ3 ኪሎ ውሻ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ሊመርዛት ይችላል። ቸኮሌትና ዘቢብም እንዲሁ መርዝ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰባብሮ አንጀቷን ይወጋል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅመም የሌለው የበሰለ ሥጋና ሩዝ ይስማማታል። በሁዳዴ ቤተሰቡ 55 ቀን ሲጾም እሷንም በደረቅ እንጀራ ብቻ አታቆዩዋት፤ ውሻ ጾም የለውም።

በግ ስታርዱ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለየትኛውም ውሻ አትጣሉ። ውሻው ከዚያ የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበት ላይ ተመሳሳይ እብጠት ያመጣል። አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

👉 ዋናው ጉዳይ፦ ክትባት
ትንሽ ስለሆነች፣ ልጆችም ስለሚያቅፏት፣ የነከሰች ጊዜ "ጨዋታ ነው" ተብሎ ይታለፋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የውሻን መጠን አይመርጥም። ቫይረሱ በለሃጭ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ፦
✅ ቡችላዋን 3 ወር ሲሞላት አስከትቡ፤ በየዓመቱም አስደግሙ። ክትባቱ በወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ከሌለ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ጠይቁ።
✅ ከደጅ ውሾች ጋር ያለ ጠባቂ አትልቀቋት። የደጁንም ውሻ አብራችሁ አስከትቡ፤ የሚነክሳት እሱ ነውና።
✅ ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የምትፈልጉ ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን።
✅ የነከሰችውን ውሻ አትግደሉ። ለ10 ቀን ለብቻዋ ታስራ ትታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። የሰውየው ክትባት ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ሽማግሌዎቻችን "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይላሉ። ለሚያበላት የምትታመን ውሻ ከኛ የምትፈልገው ብዙ አይደለም፦ ሙቅ ቦታ፣ ሽንኩርት የሌለበት ምግብና በዓመት አንድ መርፌ። መርፌው ደግሞ የልጆቻችሁም መከላከያ ነው።

ውሻ ላለው ጎረቤታችሁ ሼር አድርጉለት።