የሞያሌው ሌላኛው ሰንደቅ

ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ የሁለት አገር ከተማ ናት። ድንበሩን ሲሻገሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ከኋላ ይቀርና የኬንያ ሰንደቅ ዓላማ ይቀበላል። ከላይ ጥቁር፣ መሃሉ ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ ነው፤ ቀዩን ግራና ቀኝ ሳይሆን ከላይና ከታች ቀጭን ነጭ ጥለት ይዞታል። መሃል ላይ ሞላላ የማሳይ ጋሻ አለ፤ ከጋሻው ጀርባ ሁለት ነጭ ጦሮች ተመሳቅለዋል።

ብዙ የአፍሪካ ባንዲራዎች ከሁለት የቀለም ቤተሰብ ይወለዳሉ። አንዱ የኛው ነው፤ ጋና በ1957 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ነፃ ስትወጣ ቀለማችንን ወስዳ ለሌሎችም መንገድ ከፈተች። ሌላው ማርከስ ጋርቬይ የመራው ማኅበር በ1920 ኒውዮርክ ላይ የጥቁር ሕዝብ ቀለም ብሎ ያወጀው ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ነው። ሞያሌ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው።

የቀዩ ታሪክ ልብ ይነካል። ኋላ የኬንያ መሪ የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ሐምሌ 1952 ኒዬሪ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ የፓርቲያቸውን ባንዲራ ሲያስረዱ፣ ቀዩ የአፍሪካዊ ደም ከአውሮፓዊ ደም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ያሳያል ብለው ነበር። የእኩልነት ጥያቄ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቅኝ ገዢው መንግሥት በፀረ ቅኝ ግዛቱ የማው ማው ንቅናቄ ሰበብ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ብዙ ሰው ተገደለ፣ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ቀዩ ለነፃነት የፈሰሰ ደም ነው። ጥቁሩ ሕዝቡ፣ አረንጓዴው ምድሩ፣ ጋሻና ጦሩ ደግሞ ነፃነትን መጠበቂያ ናቸው።

ሦስቱ ቀለማት ኬንያታ ኋላ የመሩት የካኑ ፓርቲ ነበሩ። የአንድ ፓርቲ ባንዲራ የአገር እንዳይሆን ነጩ፣ የሰላምና የአንድነት ምልክት ሆኖ ተጨመረ፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 እኩለ ሌሊት የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ አዲሱ ናይሮቢ ላይ ተሰቀለ። ኪሶይ ሙንያኦ የተባለ ተራራ ወጪም ይዞት ኬንያ ተራራ ላይ ወጣ።

ሞያሌ ግን ነጩ የሚወክለውን ሰላም ቶሎ አላገኘችውም። ከነፃነት በፊት፣ በ1940 ጣሊያን ያዛት፤ በ1941 እንግሊዞች መለሷት። ከነፃነት በኋላም በሳምንታት ውስጥ በሰሜኑ ግዛት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል የሚሹ አማፂዎች የተዋጉበት፣ የሽፍታ ጦርነት የተባለው እስከ 1967 ቆየ። ዛሬ ሁለቱ አገሮች ታኅሣሥ 2020 በመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ የኬንያና የኢትዮጵያ ሠራተኞች የመንገደኛውን ፓስፖርት በአንድ ጣሪያ ሥር ያያሉ።