የጽሑፍ ሥራ ወደ መማሪያ ክፍል ሲመለስ

በበርካታ ኮሌጆች የጽሑፍ ሥራ የሚታዘዘው ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ ሲል ነው። መምህሩ የማስረከቢያውን ቀን ተናግሮ ይወጣል። ተማሪው ከባዶ ገጽ ጋር የሚፋጠጠው ግን ሌሊት፣ የሚጠይቀው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። በኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ የትምህርት ተቋማት ጽሑፍን ለቋንቋ መምህራን ብቻ ሳይተው በየትምህርት ዘርፉ ለማስተማር ይሠራሉ። ከሚመከሩት ስልቶች አንዱ የክፍል ጊዜን ከፊል ለመጻፍ ማዋል ነው።

ምክሩ በጥናት የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጃኔት ኤሚግ መጻፍ ራሱን የቻለ የመማሪያ መንገድ መሆኑን አስረዳች። በ1981 ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የጸሐፊዎችን የአስተሳሰብ ሂደት መርምረው ማቀድ፣ መጻፍና ማረም ተራቸውን ጠብቀው የሚመጡ ሳይሆኑ እርስ በርስ የሚመላለሱ ተግባራት መሆናቸውን አሳዩ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሰውን ውስን የትውስታ አቅም ይሻማል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ይከብዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪዎች የታዘዙትን ሥራ በራሳቸው ቃላት መልሰው ይጽፋሉ፤ ስለ ሰዋስው ሳይጨነቁ ለ5 ደቂቃ ሐሳባቸውን ያሰፍራሉ፤ ከዚያም ረቂቃቸውን ተለዋውጠው «ዋናው ነጥብ የቱ ነው? ማስረጃውስ?» ብለው ይጠያየቃሉ። መምህሩም የተሳሳተውን ግንዛቤ ውጤት ከመስጠቱ አስቀድሞ ይደርስበታል።

«ጊዜው ለትምህርቱ አይበቃም» የሚለው የመምህራን ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም ተማሪው የሚጽፈው ስለዚያው ትምህርት በመሆኑ ደቂቃዎቹ ባክነው አይቀሩም።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ይፋ ከሆነ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ኦሃዮ ስቴትም በሰኔ 2025፣ በ2029 ከሚመረቁት ጀምሮ ሁሉም ተማሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በየሙያቸው መጠቀም እንደሚማሩ አስታውቋል። በክፍል ውስጥ የሚዘጋጅ ረቂቅ ለመምህሩ የመጨረሻውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተማሪውን የሐሳብ ጉዞም ያሳየዋል።

ኮሎምበስ የበርካታ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን መኖሪያ ናት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳለው ወጣት ሁሉ፣ የመጀመሪያ ማስታወሻውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢያሰፍር ሐሳቡ አይጠፋበትም። ቀን እየሠራ ለሚማር፣ በቤቱም ጸጥ ያለ ጠረጴዛና ረቂቁን የሚያነብለት ሰው ለሌለው ተማሪ፣ እርዳታ የሚያገኝበት ቦታ መማሪያ ክፍሉ ብቻ ሊሆን ይችላል።