የጓሮ አተርና የባልቴቷ ዘር

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር የሚያስበው ስለ ዝውውር ነው። እኛም ፍኖተ ሰላም በደረስን ጊዜ ሐሳባችን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ የተከራየነው ቤት ጓሮ ነበረውና፥ ባዶ ጓሮም የሰነፍ ምልክት ስለሚመስል፥ ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ዘር አስመጣን፤ አንደኛው አተር፥ ሁለተኛው ራዲሽ ነበር።

የአተሩ ቆርቆሮ በሥዕል ያጌጠ ነው። ፍሬው ግን የተጨማደደ ሆኖ ተገኘ። አከራያችን ከሰከላ ወገን የመጡ ባልቴት ናቸውና አንዱን ፍሬ በጣታቸው አገላብጠው፥ «ልጄ፥ ይህ አተር ታሟል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም የተማረ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብለን፥ ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ክቡንና የተጨማደደውን አተር አዳቅሎ የዘርን ሕግ እንዳገኘ፥ ጽሑፉም በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንደ ታተመ አስረዳናቸው። «መነኩሴውስ ይዝራው፤ በዚህ ዝናብ ግን አይበቅልም» አሉን።

በሐምሌ ዘራን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አፈሩን ብንገልጥ አብዛኛው በስብሶ አገኘነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተጨማደደው አተር ስኳሩ የበዛ፥ በእሸትነቱ የሚጣፍጥ ነው፤ ነገር ግን በቀዘቀዘና ውኃ በተኛበት መሬት ቶሎ ይበሰብሳል። ለሽሮና ለክክ የሚሆነው ክቡና ለስላሳው አተር በዚህ ረገድ ይበረታል። ሜንዴልን የምናውቀውን ያህል የጎጃምን ክረምት አናውቅም ነበርና አፈርን።

ባልቴቷ ከአገራቸው የመጣ አንድ እፍኝ ሰጡን። ከባቄላ ጋራ ተቀላቅሎ ነበር። «ለይተን እንዝራው?» ብንል፥ «አተር ምርኩዝ ይፈልጋል፤ ባቄላው ይይዘዋል» ብለው መለሱ። በእርግጥም ሐረጉ በባቄላው አገዳ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር የሰበሰበው፥ በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ማዕከል የተቋቋመውም እንዲህ ያለውን የገበሬ ዘር ለማዳን ነበር። የተሻሻለ ዘር አይረባም ማለታችን ግን አይደለም። የሆለታው «ተገኘች» አለ፤ ለምዕራብ ጎጃም ሰው ደግሞ አዴት ያለው የምርምር ማዕከል ቅርቡ ነው። ብቻ አተር ደጋ ይወዳል። ፍኖተ ሰላም ከ2,000 ሜትር ዝቅ ስለሚል ይሞቀዋል፤ ቡሬ ይሻለዋል፤ ሰከላ ደግሞ ቤቱ ነው።

ራዲሹስ? እርሱ ለዝውውር ጠባቂ የተፈጠረ ተክል ነው፤ በአራት ሳምንት ለገበታ ይደርሳል። የእኛ «ቼሪ ቤል» የሚባለው ክብ ቀይ ዓይነት ነበር። ነገር ግን ለሥራ ወደ ቡሬ ሄደን ሦስት ሳምንት ዘገየንና ስንመለስ ሥሩ ውስጡ ሻግቶ ሳይሆን ባዶ ሆኖ፥ እንደ ሰፍነግ ለስልሶ ጠበቀን። ባልቴቷ ከደህናው አንዱን ቀምሰው፥ «ይህማ የሰናፍጭ ዘመድ ነው» አሉ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኛ ግን ለመማር ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል።

ዘር መልሶ መያዝን በተመለከተ ሁለቱ አይመሳሰሉም። የአተር አበባ ሳይከፈት ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፥ ዛሬ የዘሩት ዓይነት ነገም አብዛኛውን ያው ነው። ራዲሽ ግን የንብ ተገዥ ነው፤ ሁለት ዓይነት ባንድነት ካበቡ ዘሩ ይቀላቀላል። ስለዚህ የራዲሽን ዘር በየጊዜው ከሱቅ መግዛት ግድ ይሆናል፤ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ቀን ሳያነቡ ገንዘብ መክፈል ግን ሞኝነት ነው።

የአተሩ መከር በደረሰ ጊዜ ባልቴቷ ሰፌድ አቅርበው ለቀማውን አስተማሩን። እንደ መስኮት ያለ ትንሽ ክብ ምልክት ያለበት ፍሬ ውስጡ ነቀዝ ተኝቷልና ይጣላል፤ ነቀዙ የሚገባው በጎተራ ሳይሆን ገና በማሳ ሳለ፥ ቆባው አረንጓዴ እንደ ሆነ ነው። ከሦስቱ እፍኝ አንዱ ለዘር ተመረጠ። ደቃቁን ቆልተው ከቡና ጋራ አቀረቡልን፤ የዝውውሩ ደብዳቤ የደረሰንም ያን ዕለት ነበር። የዘሩን ግማሽ ለእርሳቸው ትተን፥ ግማሹን በቀለም ጠርሙስ አድርገን ይዘን ሄድን።