የነርሶች የሥራ ዝለት፦ ምልክቶቹ፣ መከላከያው እና የተገልጋዩ ድርሻ

በተኝቶ ሕክምና ክፍል ከማንኛውም የጤና ባለሙያ ይልቅ ረጅም ሰዓት ከታካሚው አጠገብ የሚቆየው ነርስ ነው። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ የደም ግፊትንና አተነፋፈስን መከታተል፣ የሕመም ለውጥ ሲታይ ለሐኪም ማሳወቅ የየዕለት ተግባሩ ነው። ስለሆነም የነርሶች የሥራ ዝለት የባለሙያው የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የታካሚ ደኅንነት ጉዳይም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ የሥራ ዝለትን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመነጭ ክስተት እንጂ በራሱ በሽታ አድርጎ አይመለከተውም። መገለጫዎቹም 3 ናቸው፦
• የኃይልና የጉልበት መሟጠጥ፤
• ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፤
• የሥራ ውጤታማነት መቀነስ።

የታካሚ ብዛት፣ ተከታታይ የሌሊት ፈረቃ፣ ሞትን ደጋግሞ ማየት እንዲሁም ስድብና ዛቻ ችግሩን ያባብሳሉ።

ከጤና ተቋማት የሚጠበቅ

የፈረቃ መርሐ ግብርን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በፈረቃዎች መካከል በቂ ዕረፍት መስጠት፣ የምግብ ሰዓትን ማክበር፣ አዲስ ነርሶችን ከነባር ባለሙያዎች ጋር ማጣመር እና ከከባድ አጋጣሚ በኋላ የጋራ ውይይት ማካሄድ ይገባል።

ከነርሶች የሚጠበቅ

የእንቅልፍ መዛባት፣ ቶሎ መቆጣት ወይም ለታካሚ ግድ ማጣት ሲሰማ ሳይውል ሳያድር ለክፍሉ ኃላፊ ማሳወቅ ይመከራል። የመከፋት ስሜቱ ለ2 ሳምንታትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ የአእምሮ ጤና ባለሙያን ማማከር ያስፈልጋል።

ከተገልጋዮች የሚጠበቅ

• በድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ሕመሙ ለጠናበት መሆኑን መረዳት፤
• ከቤተሰብ አንድ አስታማሚ መርጦ መረጃን በእርሱ በኩል መጠየቅ፤
• የጥየቃ ሰዓትን ማክበር፤
• መድኃኒት በማዘጋጀት ላይ ያለ ነርስን አለማቋረጥ። ሆኖም የታካሚው ሁኔታ ድንገት ከተባባሰ ወዲያውኑ መጥራት ተገቢ ነው።

የባለሙያው መዛል ለአገልግሎት ጉድለት ማሳበቢያ አይሆንም። በአገልግሎቱ ቅር የተሰኘ ተገልጋይ ቅሬታውን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ክፍሉን ጠቅሶ ለተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ማቅረብ ይችላል። በዚህ መንገድ የቀረበ ቅሬታ የሰው ኃይል እጥረት ያለበትን ፈረቃ ለይቶ ለማስተካከልም ያግዛል።