መሬት ሲያብጥ በምን ይታወቃል?

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ሳተላይት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተለይ በታህሳስ ወር የመሬት መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መነሻው በአዋሽ በኩል፣ የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች አካባቢ ነው። እዚያ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ያኔ ባለሙያዎች ከመሬት በታች ማግማ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ተናግረው ነበር። ማግማ ማለት ከመሬት ሥር ያለ የቀለጠ ድንጋይ ነው። ግን ሳይቆፍሩ እንዴት አወቁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳቦ ሊጥ ሲቦካ ኩፍ ይል የለ? ማግማም ከታች ሲገባ መሬቱን ቀስ እያለ ያሳብጠዋል። ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ደግሞ መሬቱ ይሰምጣል። ለውጡ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል እላዩ ላይ የቆመ ሰው እንኳ አያውቀውም።

ሴንቲኔል አንድ የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ግን 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ነጥሮ ሲመለስም ይቀበላል። ስለዚህ ጨለማም ደመናም አያግደውም። ከ12 ቀን በኋላ በዚያው መስመር ተመልሶ እንደገና ይለካል። ከዚያ ሁለቱ ልኬቶች ይነጻጸራሉ። መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ከቀረበ የሞገዱ መንገድ ያጥራል፣ ከራቀ ይረዝማል። ኮምፒውተሩ ይሄን ልዩነት እንደ ቀስተ ደመና በቀለም ያሳየዋል። ቀለሞቹ አንድ ዙር ከሞሉ መሬቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዙሩን መቁጠር ብቻ ነው!

በዚህ ዘዴ ትልቅ ለውጥም ተለክቷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ማግማ ከመሬት ሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቆታል።

ሳተላይቱ ግን ነቢይ አይደለም። መሬቱ ማበጡን እንጂ የሚፈነዳበትን ቀን አይናገርም። ብዙ ጊዜ ማግማው እዚያው ከመሬት ሥር ቀርቶ ይቀዘቅዛል። በዚያ ታህሳስም የተፈራው ትልቅ ፍንዳታ አልመጣም። ደግሞም በ12 ቀኑ መሃል ብዙ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ መሬት ላይ የሚተከሉ የመንቀጥቀጥ መለኪያዎችም የግድ ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ አንድ ሰው «ሊፈነዳ ነው!» ብሎ ሲያስደነግጣችሁ፣ ወሬውን ለሌላ ከማቀበላችሁ በፊት «ማን ለካው? በምን ለካው?» ብላችሁ ጠይቁት።